ሲስተም ስጭን የዋልኩበት ሐሙስ

ወንድሜ የሞተው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ሆስፒታል ተኝቶ። እኔ የሰማሁት ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ቡሬ። በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን አለ። በዚያ ቀን ወንድሜ ለእኔ ገና በሕይወት ነበር። ቅዳሜ ልጠይቀው ልሄድ ነበር፤ የሰጠኝን ሥራ ሳልጨርስ ደግሞ ፊቱ መቅረብ አልፈለግሁም። ስለዚያ ሐሙስ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻለሁ። አሁንም ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ከሥራው ልጀምር።

ወንድሜ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። በአካባቢው ያሉ ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ሲበላሽባቸው የሚጠሩት እሱን ነው። ያን ጊዜ ትምህርቱ በፕላዝማ ነበር የሚሰጠን፤ ኮምፒውተሮቹ ግን አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው፣ ጨርቅ ለብሰው ይቀመጣሉ። ሲከፈቱ በፍላሽ የገባ ቫይረስ ሞልቷቸዋል። ወንድሜ ሄዶ ፎርማት ያደርጋቸዋል፤ በወሩ ተመልሶ ይሄዳል። በመጨረሻ ሰለቸውና የራሱን መሥራት ጀመረ። ሊኑክስ የሚባለውን፣ በነፃ የሚገኘውን ሲስተም ወሰደ፤ የማያስፈልገውን አወጣ፣ ለእኛ የሚያስፈልገውን አስገባ። አሮጌ ማሽን ላይ እንዲሄድ አቀለለው። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል መጻሕፍትን ከተተበት። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር እንዲሆን አደረገ፤ ቀኑም በእኛው፣ ከጎኑ የዕለቱን በዓል እየጻፈ። ሁለት ዓመት ፈጀበት።

የኔ ድርሻ አማርኛው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቡሬ አጎቴ ቤት ተቀምጬ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ወንድሜ ይደውላል። «ይሄን ቃል ምን እንበለው?» ይላል። እንከራከራለን። የተስማማንበትን ጽፌ ፍላሹን ለሚኒባስ ረዳት እሰጣለሁ፤ በዚያው ቀን ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። አንዳንዴ እሱ ራሱ ይመጣና አጠገቤ ይቀመጣል። ትዕግሥት የለውም፤ ማውሱን ከእጄ ይቀማኛል፣ ከዚያ ደግሞ «አንተ ሥራው እንጂ፣ ምን ታየኛለህ?» ይላል። ስም ስላላወጣንለት «የኛው» ነበር የምንለው።

ሰኞ ዕለት ከሆስፒታል ደወለልኝ። ኩላሊቱን ከታመመ ወራት አልፎ ነበር፤ ባሕር ዳር ከገባ ግን ሳምንቱ ነው። አብሮት የሚሠራ ጓደኛው ነበር የሚያስታምመው።

«የኛው ሲዲ አንተ ጋ ነው አይደል?»

«እኔ ጋ ነው።»

«እንግዲያው አንድ የማናውቀው ላፕቶፕ ፈልግና ጫነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ እኔን አንዲት ነገር ሳትጠይቅ። እኔን ሳይጠይቁ ከተጫነ ሥራው አለቀ ማለት ነው።»

«ካልሆነልኝስ?»

«ካልሆነልህማ እኔ ከየላፕቶፑ ጋር አብሬ ልታደል ነዋ!»

ሳቀ። ሳቁ አጭር ነበር። ቅዳሜ ተጭኖ ያለቀውን ይዤለት እንድመጣ ተስማማን።

ማክሰኞና ረቡዕ ላፕቶፕ ስለምን ዋልኩ። ሲስተም ሲጫን ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ሰው ደግሞ በሠርግ ፎቶው አይጨክንም። አንዱ የጤና ባለሙያ እሺ ብሎኝ ላፕቶፑን ካመጣ በኋላ፣ ገና ሲዲውን ሳወጣ «ቆይ፣ ቆይ» ብሎ ዘግቶት ሄደ። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ መምህር ናቸው፣ ላፕቶፕም አላቸው። እሳቸውን ስጠይቃቸው «የዕቃ ዕቃ ጨዋታችሁን ከኔ ዕቃ አርቁልኝ» አሉኝ። ረቡዕ ማታም ላፕቶፕ አልነበረኝም። ቅዳሜ ባዶ እጄን ልሄድ ነው አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሱቁን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የመጣው አንድ ገበሬ ነበር። ዱላውን በር ላይ አስደግፎ ገባና ከሞባይሉ ያወጣትን ሚሞሪ በመዳፉ ዘረጋልኝ።

«ጫንልኝ።»

«ዘፈን ነው መዝሙር?»

«ሁለቱንም። ግን እንዳይገናኙ።»

«እንዴት አይገናኙም አባቴ፣ ሚሞሪዋ እኮ አንዲት ናት።»

«አጥር እጠርላቸዋ! ኮምፒውተር አዋቂ አይደለህ?»

ሁለት ፎልደር ከፈትኩለት። መዝሙሩ ከላይ ይሁን አለ። «ዘፈኑስ ከታች ሁኖ አይሰማም?» ብሎ ደግሞ ተጨነቀ። ከሳቄ የተነሣ ማውሱን ለቀቅሁት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሦስትን አልፎ ነበር። ይህን ኋላ መልሼ ሳስበው ነው ያወቅሁት።

አምስት ሰዓት ላይ የአሠሪዬ ስልክ ጮኸ። የሱቁ ባለቤት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ለማነጋገር ወደ ጓሮ ወጡ። ቆይተው ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ምነው እትዬ?»

«ትቢያ ገባብኝ።» ከዚያ «ምሳህን እዚሁ ትበላለህ፤ ከቤት አስመጣልሃለሁ» አሉኝ።

እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ምሳ በልቼ አሥር ደቂቃ ካሳለፍኩ «ጎተራውን ጨርሰኸው መጣህ?» የሚሉ ናቸው። ያን ቀን ዕንቁላል ፍርፍር አስመጡልኝና ስበላ ፊት ለፊቴ ቆመው አዩኝ። ጉርሻ አጎረሱኝ። ጥፋት ያጠፋሁ መሰለኝ፤ ሊያባርሩኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ መጡ። በዚያ ሰዓት ክፍል ውስጥ መሆን ነበረባቸው። ላፕቶፓቸውን ከነቦርሳው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«በል ጫነው።»

«ምኑን?»

«የናንተን ነዋ።»

«ፋይልዎስ ጋሼ? ሁሉም እኮ ነው የሚጠፋው።»

«ይጥፋ። ምንም የለበትም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ስልክህንም አምጣት። የኔ ባትሪ ዘግቷል፣ አንድ ሰው ጋ መደወል አለብኝ።»

ሰጠኋቸው። ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቷት። አልደወሉም። እኔም አላስተዋልኩም፤ ላፕቶፕ አግኝቼ ሌላ ምን ላስተውል? አሁን ከጀመርኩ በአሥር ሰዓት እጨርሳለሁ፣ በመጨረሻው መኪና ዛሬውኑ ባሕር ዳር እገባለሁ አልኩ።

«ዛሬ አትሄድም» አሉ አጎቴ።

«ለምን?»

«መጀመሪያ ጨርስ። ደግሞ ብልሽት ያለው ነገር ይዘህ ልትሄድ ነው?»

እውነታቸውን ነው። ሲዲውን ከተትኩ።

ሲስተሙ ሲጫን የምትኖርበትን ከተማ ይጠይቃል፤ ሰዓቱን በዚያ ያስተካክላል። ዝርዝሩ የዓለም ትልልቅ ከተሞች ነው። ወንድሜ በመካከላቸው ጅጋን አስገብቷት ነበር። የተወለድንባት መንደር ከጅጋ በእግር ግማሽ ሰዓት ናት፤ እናታችን አሁንም እዚያው ናት። ጅጋን ስትመርጥ ሰዓቱ እንደኛ ይሆናል፤ ጎሕ ሲቀድ አሥራ ሁለት ሰዓት ይላል።

«ይዩዋት ጋሼ፣ ጅጋ! ከኢየሩሳሌም ቀጥላ!»

ጎንበስ ብለው አዩ። «ከኢየሩሳሌም ቀጥላ» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ሳያልቅ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። ብዙ ቆዩ። እኔ ሥራችን አስገርሟቸው ነው ብዬ ኮራሁ።

አሥር ሰዓት ገደማ አሠሪዬ የመንገዱን በር ዘጉት።

«አቧራው!» አሉ።

«ነፋስ እኮ የለም እትዬ።»

«አለ ስልህ አለ።»

«ደንበኛስ?»

«ደንበኛ ይቅር። አንተ ሥራህን ሥራ።»

የባሕር ዳሩ መንገድ በዚያ በር ፊት ለፊት ነው የሚያልፈው። መኪኖች ሲያልፉ ይሰማል። የማወራው እኔ ብቻ ነበርኩ። ምን ያህል እንደተጫነ የሚያሳየው መስመር ከመቶ ሰማንያ ላይ ደርሶ ቆሟል። እነሣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ ሲዲው የሚሽከረከርበትን ጎን በጆሮዬ አዳምጣለሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር። ወዴት እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ ከዚያ ቤት መውጣት ብቻ። አሁን ሳስበው ሰውነቴ ከኔ በፊት ያወቀ ይመስለኛል። ግን እንዲህ ማለትም ኋላ የመጣ ሐሳብ ነው፤ ምናልባት መስመሩ ስለቆመ ብቻ ነበር።

ተጭኖ አልቆ ሲነሣ ፊደል አልነበረውም። ቃሉ ሁሉ ባዶ ሣጥን ሆኖ መጣ። ከላይ እስከ ታች ሣጥን። ሲዲው ተጭሮ ስለነበር የአማርኛውን ፊደል ሳይገለብጥ ቀርቷል።

«ስልኬን ይስጡኝ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ልጠይቀው ነዋ። አንዲት ጥያቄ ብቻ።»

አጎቴ እጃቸውን ኪሳቸው ላይ አደረጉ። «ሳትጠይቀኝ ጫን አላለህም?»

«ብሏል፤ ግን…»

«እንግዲያው አትጠይቀው።»

ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ የተቆጡ መሰለኝ። ተናድጄ ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ።

ሣጥኖቹ ላይ አፍጥጬ ቆየሁ። ቆይቶ ገባኝ፤ አንድ ሣጥን አንድ ፊደል ነው። ቃላቱን የጻፍኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ከላይ አራት ሣጥን ያለው «ቅንብር» ነው። እሱን ስከፍተው ሦስተኛው፣ እንደገና አራት ሣጥን፣ «ፊደላት»። ከሱቁ ኮምፒውተር ፊደሉን በፍላሽ ገልብጬ አስገባሁ። በመጨረሻ ሁለት ቁልፍ መጣ፤ አንዱ ባለ ሁለት ሣጥን፣ አንዱ ባለ ሦስት። «እሺ»ና «ይቅር»። ለሁለተኛው እኔ «ተው» ይባል ብዬ ነበር፤ ወንድሜ «ሰው በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ እንዲህ አይቆጣም» ብሎ እንቢ አለኝ። እኔ ብረታ ኖሮ ሁለቱም ባለ ሁለት ሣጥን ሆነው እዚያው እቀር ነበር። ባለ ሁለቱን ነካሁት።

ፊደሉ መጣ። በአንድ ጊዜ፣ በሁሉም ቦታ፣ ከላይ እስከ ታች። የቀኝ ጥጉ ላይ ሐሙስ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል። ዘልዬ ተነሣሁ። አጨበጨብኩ፣ አሠሪዬን ሳምኳቸው። «ሳልጠይቀው! አንዲት ነገር ሳልጠይቀው!» እያልኩ ጮኽኩ። አጎቴ አቀፉኝ። እንዲያ አቅፈውኝ አያውቁም፤ ረዘመብኝና እኔው ተላቀቅሁ።

በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መጻፍ የሚያቅተኝ ይህንን ነው። ወንድሜ ከሞተ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

«አሁን ስልኬን ይስጡኝ። ልንገረው።»

«ኔትወርክ የለም» አሉ አጎቴ። «ነገ በማለዳ መኪና ይዣለሁ፤ አብረን እንሄዳለን።»

«እውነትዎን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ወደ ቤት ስንሄድ እስከ በራፍ ድረስ አወራሁ። ክፍሉ ስገባ ምንም አልናገርም አልኳቸው፤ ላፕቶፑን ዝም ብዬ አልጋው ላይ አስቀምጥና ራሱ እስኪከፍተው እጠብቃለሁ። «ማውሱን እንደሚቀማኝ አልጠራጠርም» አልኩ። አጎቴ «እህ» ብቻ ይላሉ። እራት ቀርቦ አልነኩትም። እኔ የሳቸውንም ድርሻ በላሁ።

ሳይነጋ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መኪናው የመጣ መስሎኝ ላፕቶፑን በትከሻዬ አንግቤ ወጣሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አሠሪዬም ከመካከላቸው አሉ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ። ቀን ላይ መንገድ ለመንገድ አይነገርም። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ የሚረዳውን ሰው አንድ ነገር ይዘውት ይውላሉ። ይህን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቃለሁ። ጎረቤት ሲረዳ እኔም ጸጥ ብዬ ቆሜ ዓይቻለሁ።

አጎቴ «ወንድምህ…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም።

እኔ ያልኩት «ስልኬን ይስጡኝ» ነው። አውጥተው ሰጡኝ። ያዝኳት። የምደውልለት ሰው አልነበረም።

ከዚያ የሆነውን በቅጡ አላስታውስም። ብቻ መኪናው ወደ ባሕር ዳር አልዞረም፤ ወደ ጅጋ ነው የሄደው፤ ቀብሩ እዚያው የትውልድ መንደራችን ነውና። አጎቴ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ማንኩሳን አለፍን።

«መቼ ሰሙ?» አልኳቸው።

«ትናንት፣ አምስት ሰዓት ላይ።»

«እሱስ አሁን የት ነው?»

«ፍኖተ ሰላም ቤተ ክርስቲያን አድሯል። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው በቡሬ ያለፈው።»

አሠሪዬ የዘጉት በር ታየኝ። ከበሩ ኋላ ካለፉት መኪኖች አንዱ ነበር። የትኛው እንደሆነ ድምፁን ለማስታወስ ሞከርኩ። ብዙ ሞከርኩ።

«ላፕቶፑ ላይ ምን ነበረበት?»

«የሰባት ዓመት የማስተማሪያ ማስታወሻ።»

«ቢነግሩኝ ገልብጬ አስቀምጥልዎ ነበር እኮ!»

«ብነግርህ ቀና ብለህ ታየኝ ነበር» አሉ። «ካየኸኝ ደግሞ አልችልም።»

ልጮህባቸው አማረኝ፤ እጃቸውን ልስምም አማረኝ። ሁለቱንም ሳላደርግ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ፍኖተ ሰላምን ስናልፍ የሚሠራበት ቤት ተዘግቶ ነበር።

ጅጋ ስንደርስ ነግቷል። ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። እናቴ አልሰማችም። ወንድሟ ካልመጡ አትረዳም ተብሎ ነው የተጠበቀው። አሁን ደግሞ የንስሐ አባቷ እስኪመጡ ጠብቁ ተባለ።

«አንተ እስክትጠራ መኪናው ውስጥ ቆይ» አሉኝ አንዱ ሽማግሌ። «ፊትህ ያወራል።»

ተቀመጥኩ። መቀመጥ አልቻልኩም። እናቴ ገና ሐሙስ ላይ ናት። ከዚህ ግማሽ ሰዓት ርቃ፣ ልጄ ይሻለው ይሆናል እያለች፣ እኛ እዚህ ቆመን ስለሷ እንመካከራለን። እኔን እንዳዋሉኝ እሷንም ሊያቆዩዋት ነው። አይሆንም አልኩ። አንዲት ደቂቃ እንኳ አይሰርቁባትም፤ በሩ ላይ ቆሜ እነግራታለሁ። የመኪናውን በር ከፍቼ ወረድኩ። አጎቴ ከኋላዬ ጠሩኝ። አልዞርኩም። የታጨደውን የጤፍ ማሳ አቋርጬ ሮጥኩ፤ ጤዛው ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አራሰው።

አጥሩን ገፍቼ ስገባ እናቴ ላሟ ሥር ቁጢጥ ብላ ታልባለች።

«ውይ! ምነው በጠዋቱ? ማን አመጣህ?»

«በመኪና መጣሁ።»

«ወንድምህ ተሻለው?»

አፌን ከፈትኩ። ጥጃዋ ገመዷን አምልጣ ወደ ጡቱ መጣች።

«ያዛት! ያዛት፣ ልትጨርስብኝ ነው! ኋላ ትነግረኛለህ።»

ያዝኳት። አንገቷን በሁለት እጄ አቀፍኩ። ትንፋሿ ይሞቃል፤ ትገፋኛለች። ወተቱ ማለቢያው ውስጥ ሲወርድ ይሰማኛል። እናቴ ላሟን ታባብላለች፤ «ቁሚ፣ አይዞሽ፣ ትንሽ ቀርቶሻል» ትላለች። ከቁልቁለቱ በኩል ውሻ ጮኸ፤ ሽማግሌዎቹ ተከትለውኝ ከመንደሩ በታች ያለውን ወንዝ ተሻግረዋል ማለት ነው። መናገር እችል ነበር። የሮጥኩት ለዚያ ነው። እሷ ግን ገና እያለበች ነው።

ቀና ብላ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

«እለቢ» አልኳት። «ጨርሺ።»

ጨርሳ ስትነሣ ማለቢያውን ከእጇ ተቀበልኩ። እንዳይደፋ ግድግዳው ሥር አስቀመጥኩት። ከዚያ፣ ሽማግሌዎቹ ከአጥሩ ሳይደርሱ፣ ነገርኳት።